ዋቢና ዋስ

«ዋቢ» የሚለውን ቃል ዛሬ የምናገኘው ከመጽሐፍ ጀርባ ነው። «ዋቢ መጻሕፍት» ይላል ርእሱ፤ ከሥሩም ደራሲው የተደገፈባቸው ሰዎች ስም ይደረደራል። የቀድሞው ሰው ግን ቃሉን የሚያውቀው ከችሎት ነበር። ዋቢ ማለት ዋስ ማለት ነው፤ በሌላው ዕዳ ወይም ቃል ራሱን የሚያሲዝ፣ ባለዕዳው ሲጠፋ የሚጠራ ሰው። እኔ በሰኮሩ ከተማ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ዋስ የሚባለውን ሰው በየጊዜው አየዋለሁ። ከመፈረሙ በፊት ብዕሩን ይዞ ለአፍታ የሚቆምባትን ዝምታ አውቃታለሁ። ስለዚህም የሳይንስ ሊቃውንት በጽሑፋቸው ግርጌ የሌላውን ሊቅ ስም ሲጽፉ ሳይ፣ ዋስ ሲጠሩ ይመስለኛል። «ይህን ስል ብቻዬን አይደለሁም፤ እነ እገሌ ይመሰክሩልኛል» ማለታቸው ነው።

ይህ ዋስ መጥራት በዘመናችን ራሱን የቻለ የሂሳብ መዝገብ ወጥቶለታል። አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1964 ማን ማንን እንደጠቀሰ የሚመዘግብ ማውጫ ማሳተም ጀመረ (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2005 ደግሞ ሆርሄ ሂርሽ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ አንድን ተመራማሪ በአንድ ቁጥር የሚመዝን ስሌት አቀረበ። እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች ያለው ሰው ቁጥሩ 10 ነው፤ 40 ያለው 40 ነው። አራት ጽሑፍ ብቻ የጻፈ ሰው ዓለም ሁሉ ቢጠቅሰው ከ4 አይዘልም። ስሌቱ ብልህ ነው፤ እኔም በሙያዬ ቁጥር አልንቅም። ሆኖም በዚህ ሚዛን ላይ አስቀምጬ ልመዝናቸው የፈለግኋቸው ሰዎች አሉ፤ በሀገራችን የማህፀንና የጽንስ ሕክምና ታሪክ ስማቸው የገነነው ዶ/ር ሬጂናልድ ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶ/ር ካትሪን ሃምሊን።

ታሪካቸው ከእኛ ሀገር ጋር የተያያዘው በአንዲት እናት ሞት በኩል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ ነርስነት ተምራ ነበር። ከድል በኋላ ተመልሳ፣ አግብታ፣ በ1942 ነቀምቴ ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር በወጣትነቷ አረፈች። የንጉሥ ልጅ መሆን፣ ከዚያም በላይ የሕክምናን ነገር ማወቅ፣ ከወሊድ አደጋ አላዳናትም። በስሟ አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተሠራላት፤ በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሆነው ነው። ይህ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም ሐኪም ሲፈልግ ማስታወቂያውን ያወጣው ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ነበር። ባልና ሚስቱ አነበቡት። በ1959 ለሦስት ዓመት ብለው መጡ።

ላንሴት ለሬጂናልድ ሃምሊን እንግዳ አልነበረም። በኒውዚላንድ በ1908 የተወለዱት እኚህ ሐኪም ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣታቸው ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1952፣ በዚሁ መጽሔት ላይ ስለ ኤክላምፕሲያ መከላከል ጽፈው ነበር። ኤክላምፕሲያ በእርግዝና ወቅት የደም ግፊት ከፍ ብሎ ነፍሰ ጡሯን እንደሚጥል በሽታ የሚያንቀጠቅጥና የሚገድል ሕመም ነው። ያኔ ሲድኒ ውስጥ ክራውን ስትሪት በሚባለው የሴቶች ሆስፒታል የሕክምና ኃላፊ ነበሩ። ያስተዋሉት ነገር፣ በኋላ የሚታመሙት ሴቶች በእርግዝናቸው አጋማሽ ክብደታቸው በፍጥነት የሚጨምር መሆኑን ነበር። እናም ሴቶቹን በየጊዜው እየጠሩ መመዘን፣ ስኳርና ስታርች እንዲቀንሱ፣ ሥጋና እንቁላል የመሰለውን እንዲያዘወትሩ መምከር ያዙ። በሆስፒታሉ ኤክላምፕሲያ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ሲሉም ጻፉ።

ዓለም ይህን ጽሑፍ ዋስ አድርጎ ጠራው። ስለ ነፍሰ ጡር ክብደት የሚጽፍ ሁሉ «ሃምሊን፣ 1952» ሳይል የሚያልፍ አይመስልም ነበር። በምዕራቡ ዓለም በነዚያ ዓመታት ነፍሰ ጡርን ከክብደት መጠበቅ እንደ ሕግ የሚቆጠር ልማድ ሆነ። ልማዱን እሳቸው አልጀመሩትም፤ ለልማዱ ግን ጽሑፋቸው ጥሩ መያዣ ሆነለት። ብዙ እናቶች ምግብ ተከለከሉ፤ ሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ጭምር የታዘዘላቸው ነበሩ። በ1970 የአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ ጉዳዩን እንደገና አስመርምሮ ያ ሁሉ ቁጥጥር ጥቅሙ ያልተረጋገጠ፣ ጽንሱን ግን ሊጎዳ የሚችል መሆኑን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶችም የምግብ ቅነሳው በሽታውን እንደማይከላከል፣ የሕፃኑን ክብደት ግን ሊያሳንስ እንደሚችል አሳዩ። መንቀጥቀጡን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ በማያሻማ መልኩ የተረጋገጠለት ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባለው መድኃኒት ነው፤ ይህም በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶች በተሳተፉበትና በ2002 ይፋ በሆነው ጥናት ነው።

እንግዲህ ዋሱ ተጠራ፤ ዕዳውም በእጁ ላይ ወደቀ። ሆኖም ከክራውን ስትሪት ምንም አልተረፈም ማለት ግፍ ይሆናል። የሆስፒታሉ ሴቶች የዳኑበት ምክንያት ምግቡ ሳይሆን በየጊዜው መጠራታቸው፣ መመዘናቸውና የደም ግፊታቸው መለካቱ ሊሆን እንደሚችል የገመቱ አሉ፤ እኔም ወደዚህ አዘነብላለሁ። ዛሬ በየጤና ጣቢያችን ነፍሰ ጡር ስትገባ መጀመሪያ ሚዛን ላይ ትወጣለች፤ ከዚያ ክንዷ ይታሰራል። ለዚህ ለሁለተኛው ነገር ሬጂናልድ ሃምሊንን የሚጠቅስ የለም። የተጠቀሱት ባልያዘላቸው ነገር ነው።

አዲስ አበባ ሲደርሱ የጠበቃቸው ሌላ ሕመም ነበር። ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ፊኛ ከዳሌ አጥንቷ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞታል፤ ቀዳዳ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ሕፃኑም አይተርፍ። እናት ልጇንም አጥታ፣ ሽንቷንም መቆጣጠር አቅቷት ከሰው ትሸሻለች። ፊስቱላ የሚሉት ይህ ነው። በቋንቋችን የወለደች ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የምትባለው ያለ ነገር አይደለም፤ ፍርድ ተላልፎባት ምሕረት ያገኘች ያህል ነው። ፊስቱላ የያዛት ሴት ግን ተምራ እንዳልተማረች ትቀራለች። እንዲህ ያሉ ሴቶች በልዕልቲቱ ስም ወደ ተሠራው ሆስፒታል እየበዙ መጡ፤ የሦስት ዓመቱ ውል የዕድሜ ልክ ሆነ። በ1974 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል የዚህ ውጤት ነው።

አሁን ወደ መዝገቡ ልመለስ። በ1966 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ላይ ስለ 600 ፊስቱላዎች ጥገናና ከጥገናው በኋላ ስለ ተከተሉ 80 ምጦች የሚያትት ጽሑፍ ወጣ። በ1969 ደግሞ በብሪታንያ ሕክምና መጽሔት ላይ፣ የሽንት መውጫዋ በምጥ ፈጽሞ የጠፋባትን ሴት እንዴት እንደገና እንደሚሠሩላት የሚገልጽ ጽሑፍ ታተመ። ከጭን የሚወሰድ ቀጭን ጡንቻ ለተሠራው አካል ድጋፍና ደም እንዲሆነው ማድረግን ያስተማረ ነው። ይህ ሁለተኛው እስከ ዛሬ በፊስቱላ ሐኪሞች ጽሑፎች ግርጌ ይጠራል። የመጀመሪያው በሀገር ቤት መጽሔት በመታተሙ የሚያገኘው ጥቂት ነው። ለእኔ ግን ከሁለቱ የሚበልጠው እሱ ነው፤ ስለ ምክንያቱ ቆይቼ እናገራለሁ።

በሁለቱም ላይ ጸሐፊዎቹ «ሃምሊን» እና «ኒኮልሰን» ይባላሉ። ኒኮልሰን ማን ናቸው? ካትሪን ናቸው፤ ኒኮልሰን የአባታቸው ቤት ስም ነው። በ1950 የተጋቡ ባልና ሚስት በ1969 በሁለት የተለያየ ስም ይጽፋሉ። ወደ 2007 ስንመጣ በኢትዮጵያ ገጠር ፊስቱላ ያለባቸው ሴቶች ስንት እንደሆኑ ቤት ለቤት ተዞሮ የተሠራ ጥናት እናገኛለን። ከጸሐፊዎቹ መካከል «ሃምሊን ኢ. ሲ.» የሚል አለ። ይህች ሴት ኤሊኖር ካትሪን ሃምሊን ናት፤ ያቺው ኒኮልሰን። ለቆጣሪው መሣሪያ ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። የአንዲቱን ሥራ በሁለት ሂሳብ ከፍለን ስናበቃ «ሁለቱም ቀሪያቸው አነስተኛ ነው» እንደማለት ነው።

የዚህ የ2007ቱ ጥናት ቀዳሚ ጸሐፊ ኢትዮጵያዊቷ የማህፀን ሐኪም ዶ/ር ሙሉ ሙለታ ናቸው። በፊስቱላ ሆስፒታሉ ለዓመታት የሠሩ፣ የታከሙትና ያልታከሙት ሴቶች በየመንደራቸው ምን እንደሚደርስባቸው ተከታትለው የጻፉ ሰው ናቸው። ዓለም እንዴት ይጠቅሳቸዋል? «ሙለታ ኤም.» እያለ ነው። ሙለታ አባታቸው ናቸው! በአማርኛም በኦሮምኛም የሰው ስም የራሱ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ነው። የፈረንጁ መዝገብ ግን የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይይዝና ባለቤቱን በአንድ ፊደል ያሳጥረዋል። ከውጭ በተላከ ገንዘብ ቅጽ ላይ ይህን ዕለት ዕለት አየዋለሁ፤ ልጅቷ ቆማ ሳለች ወረቀቱ አባቷን ይጠራል። የሀገራችን ምሁራን ይህንን አውቀው ኢትዮጵያውያንን በዋቢ ዝርዝራቸው ውስጥ በራሳቸው ስም ፊደል ተራ ያስገባሉ። ወደ ውጭ መጽሔት ሲሻገሩ ግን ስማቸው ይገለበጣል። ከኢትዮጵያ የወጣ ስንቱ ምርምር ምርምር ባላደረጉ አባቶች ስም ተመዝግቦ ይሆን? አባቶችን ማስከበሩ ክፉ አይደለም፤ ሂሳቡ ግን የሌላ ሰው ነው።

በራሳቸውም በአባታቸውም ስም የማይጠሩ አሉ። ወ/ሮ ማሚቱ ጋሼ በአፍላ ዕድሜያቸው፣ ለቀናት ከቆየ ምጥ በኋላ ተጎድተው ወደ ሃምሊኖች የመጡ የገጠር ልጅ ነበሩ፤ ጊዜው የ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ታክመው ሲሻላቸው በሆስፒታሉ ቀሩ። አልጋ አነጠፉ፣ ሕሙማን አጠቡ፣ ከዚያ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ ማቀበል ጀመሩ። ሬጂናልድ ሃምሊን የእጃቸውን ነገር አስተዋሉና እያስያዙ አስተማሯቸው። መደበኛ ትምህርት ያላገኙት ሴት ቀዶ ሐኪም ወጣቸው። ለመማር ከሌላ አገር የሚመጡ ሐኪሞች እንኳ አጠገባቸው ቆመው ተምረዋል። በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሁለቱ ሃምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው። ሜዳሊያው በሂርሽ ስሌት ምንም አይገባም፤ ስሌቱ የሚቆጥረው ጽሑፍን ብቻ ነውና።

የዚህ ሕክምና መዝገብ ከጥንትም እንዲህ ነው። በ1852 የፊስቱላን ጥገና ለዓለም ያስታወቀው ጽሑፍ የአሜሪካዊው ጄ. ማሪዮን ሲምስ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣ ሁሉ ሲምስን ይጠቅሳል። የሰለጠነው ግን አላባማ ውስጥ በባርነት በተያዙ ጥቁር ሴቶች አካል ላይ ነበር፤ አናርቻ የተባለችው ብቻዋን ያለ ማደንዘዣ 30 ጊዜ ተቀዳለች። ኒውዮርክ ሐውልት አቁማለት ነበር፤ በ2018 ከቆመበት ተነሣ። ወደ እኛ ቀረብ ስንል ደግሞ የካይሮው ናጊብ ማህፉዝ አሉ፤ በፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ስማቸው የታወቀ የቅብጥ ክርስቲያን ሐኪም። ወዳጆቼ፣ እኚህን በሐኪምነታቸው ባታውቋቸው እንኳ ስማቸውን ታውቁታላችሁ። በ1911 ካይሮ ውስጥ በአስቸጋሪ ምጥ የነበረችን አንዲት እናት አዋለዱ፤ ቤተሰቡም ለልጁ የሐኪሙን ሙሉ ስም አወጣለት። ያ ልጅ በ1988 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የተቀበለው ደራሲ ናጊብ ማህፉዝ ነው። እንዲህ ያለ ጥቅስ ያገኘ አዋላጅ ሌላ አላውቅም፤ ጋርፊልድም በማውጫው አላስገባው።

ሰኮሩ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ናት። ምጥ የጠናባትን ሴት በወሳንሳ ከመንደር አውጥቶ እስከዚህ አስፋልት ማድረስ በአካባቢው የጎረቤት ሁሉ ግዴታ ነው፤ የፊስቱላ ነገር የሚወሰነውም በዚያ በወሳንሳው ጉዞ ርዝመት ነው። ግቤን ተሻግረን ወልቂጤን ስናልፍ አጣጥ ሆስፒታል አለ። አጣጥ ላይ ያለው ብልሃት ቀላል ነው፤ ለምጥ ያሰጋሉ የተባሉ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ በማቆያ ቤት ይሰነብታሉ። በአዲስ አበባው ፊስቱላ ሆስፒታል ለዓመታት ሲመላለሱ የኖሩት እንግሊዛዊው ዶ/ር ጆን ኬሊ ከአጣጥ ሐኪሞች ጋር ሆነው ከ1987 እስከ 2008 ያለውን የ22 ዓመት መዝገብ መርምረው በ2010 አሳተሙት። በማቆያው ከሰነበቱት መካከል ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር የሞቱት እናቶች 90 ያህል ሲሆኑ፣ ሳይሰነብቱ በቀጥታ ከመጡት መካከል 1,333 ነበሩ። እርግጥ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከተበላሸ በኋላ የደረሱ ናቸውና ልዩነቱን ሁሉ ለማቆያ ቤቱ መስጠት አይቻልም። በእኛው ጅማ ዞን፣ ጎማን፣ ቀርሳንና ሰቃ ጨቆርሳን ባካተተ ሙከራም ማቆያ ቤቶችን ማሻሻልና የአካባቢ መሪዎችን ማሠልጠን ብቻውን በጤና ተቋም የሚወልዱትን ቁጥር በጉልህ አልጨመረም፤ ውጤቱ በ2020 ታትሟል። እንዲህ «አልሆነም» ብሎ የሚጽፍ ጥናት ብዙ ዋቢነት አያገኝም፤ እኔ ግን ዋስ ፈልግ ብባል እሱን ነበር የምጠራው።

ሬጂናልድ ሃምሊን በ1993 አረፉ። ካትሪን ሥራውን ይዘው ቀጠሉ፤ ከአዲስ አበባ ውጭ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በእኛ በኩል በመቱ ማዕከላት ተከፈቱ። መጀመሪያ የመጡለት የአዋላጆች ትምህርት ቤት ያኔ ብዙም ሳይቆይ ተዘግቶ ነበር። በ2007 በስማቸው የአዋላጆች ኮሌጅ ሆኖ እንደገና ተከፈተ፤ በ1959 ከመምጣታቸው 48 ዓመት ዘግይቶ። ዶ/ር ካትሪን በመጋቢት 2020 በ96 ዓመታቸው አዲስ አበባ ላይ ሲያርፉ ሆስፒታሉና ማዕከላቱ ያከሟቸው ሴቶች ከ60,000 በላይ ነበሩ።

ስለ 1966ቱ ጽሑፍ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። 600ው ፊስቱላ የሐኪሞቹ ሥራ ነው። 80ው ምጥ ግን የሴቶቹ ነው። አንዴ በምጥ ያን ያህል የተሰባበረች ሴት ተጠግና ወደ ቤቷ ተመልሳ፣ ከባል ጋር ሆና፣ አርግዛ፣ እንደገና ወደ ምጥ ገባች። ከነዚያ ምጦች የተወለዱት ዛሬ ዕድሜያቸው 60ን የተሻገረ ነው፤ የጡረታ ደብተር የሚያወጡበት ዘመን ላይ ናቸው። የባንክ ሂሳብ መክፈቻ ቅጽ ላይ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ከተሞላ በኋላ አንድ ሌላ ባዶ መስመር አለ፤ «የእናት ሙሉ ስም» ይላል። ሰዎች እዚያ ሲደርሱ ጮክ ብለው ነው የሚናገሩት፤ እንዳላሳስተው ፊደሉን አንድ በአንድ ያስጽፉኛል።